የሙዚቃ ቤቱ ደብተር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምቀዳው፤ መሀል ላይ ባጃጅ ካለፈ ታገሱኝ። ጣና ከዚህ አይታይም፤ ንፋሱ ግን ይደርሳል።

ስለ ሙዚቃ ቤት ላወራችሁ ነው። ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ ሆቴል ይጠይቃል፣ ምግብ ቤት ይጠይቃል። እኔ «እዚህ ሸክላ ወይም ካሴት የሚሸጥ ሰው አለ ወይ?» እላለሁ። ይሄ አመል ከየት እንደመጣ ለመናገር ከዚሁ ከባሕር ዳር መነሳት አለብኝ።

ልጅ ሆኜ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል፤ እንደዚያ ጠባብ ነው። በሩ ላይ ሞንታርቦ ተተክሏል፣ ግድግዳው እስከ ጣራው ካሴት ነው፣ ካሴት ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ የዘፋኞች ፖስተር ተለጥፎበታል። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ስማቸውን ዛሬም አልጠራውም፤ ስማቸው ሲነሳ የሚያፍሩ ሰው ነበሩ።

ጋሼ አዲስ ካሴት ሲመጣ ሳያሰሙ አይሸጡም። ከቴፑ አጠገብ አንድ በርጩማ አለች፤ ያስቀምጡሃል፣ ሁለት ሦስት ዘፈን ያጫውቱልሃል፣ ፊትህን ያያሉ። ካልጣመህ «ተወው፣ ገንዘብህን ለሌላ ያዝ» ይሉሃል። ነጋዴ ሆነው እንደዚያ ሲሉ ሰው ይገርመው ነበር። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ያችን በርጩማ የመሰለ ነገር ነው በየከተማው ስፈልግ የኖርኩት።

ሌላው ደብተራቸው ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ። አንድ ሰው የሚፈልገውን ዘፈን ካጣ እዚያ ላይ ይጻፋል፦ የፈላጊው ስም፣ ዘፋኙ፣ የዘፈኑ ርዕስ። ርዕሱን የማያውቅ ስንኙን ያስጽፋል። ስንኙም ከጠፋው ያንጎራጉራል። ጋሼ ያኔ ሞንታርቦውን ያጠፋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ይሰማሉ፣ ከዚያ ቅኝቱን ለይተው «ይሄ ትዝታ አይደለም፣ ባቲ ነው» ይላሉ፤ ወይም «ይሄ የጎንደር አዝማሪ አመታት ነው፣ የእኛ አገር እንዲህ አይጎትተውም»። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በመስማት ነው ያወቁት።

እኔም አንድ ቀን ላንጎራጉር ሄድኩ። አሥር ዓመቴ ቢሆን ነው። እናቴ የምትወደው አንድ ካሴት ነበረን። ሠርግ ላይ የተቀዳ ነው፣ የፋብሪካ ሽፋን የለውም፣ በላዩ ላይ የተጻፈበት ወረቀት ተልጧል። አንድ ማሲንቆ፣ አንዲት ሴት። ያን ካሴት ቴፑ በላው፤ እኔ ደግሞ በድንጋጤ ክሩን ጎትቼ በጠስኩት። እናቴ አልተቆጣችም። እሱ ነው የከበደኝ። ከዚያ በኋላ ቡና ስትቆላ ከዘፈኑ የቀራትን ሁለት ስንኝ ብቻ ታንጎራጉር ነበር፦

የጣና ዳር ደንገል ታጭዶ ይመለሳል፤
ወንዝ የተሻገረ በምን ይታወሳል።

ደንገል እንግዲህ ታንኳ የሚሠራበት ነው፤ የሐይቁን ዳር የሚያውቅ ሰው አጭደውት ተመልሶ ሲቆም አይቷል። ጋሼ ስንኙን ጻፉት፣ ዜማውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «አላውቀውም፣ ግን ይፈለጋል» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። በዚያ ዘመን ካሴት ቤቶች ባዶ ካሴት ላይ እየገለበጡ ይሸጡ ነበር፤ ጋሼም ገልብጠዋል። ደንበኛ «ከዚህም ከዚያም ምርጥ ምርጡን ቅዱልኝ» ይላል፣ በአንድ የ60 ደቂቃ ካሴት፣ 30 በዚህ ገጽ፣ 30 በዚያ ገጽ፣ ይቀዳለታል። እኛ በዚያ ዘፈን አደግን፤ ዘፋኙ ደግሞ ከዚያች ግልባጭ ሳንቲም አላገኘም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ሲመጣ ብዙ ሰው አጉረመረመ። እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፣ የዘገየም ነበር። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ይህንንም እላለሁ።

አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ስንኟን ይዤያት ሄድኩ። ዘፈኑን አላገኘሁትም፤ ግን የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ታሪክ ያወቅሁት ያኔ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ግን መጀመሪያ ሥራው ሙዚቃ ቤት እንደነበር ልብ ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? የውጭ አገር ሸክላ አስመጥቶ ይሸጥ ነበር። ወጣቱ ሱቁ ድረስ እየመጣ የአሜሪካኑንም የሕንዱንም ሲገዛ በየቀኑ ያያል። ማታ ማታ በየክበቡ የሚሰማቸው የራሳችን ዘፋኞች ግን በሸክላ አይገኙም። ምክንያቱ ሕግ ነው፦ በፈረንጆቹ 1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ይህን እያወቀ በ1969 ዘፋኙን ዓለማየሁ እሸቴን አስቀድቶ ሕንድ አገር አሳተመው። ሊታሰር ይችል ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ 12 አልበሞች አወጣ። በዚህ መሀል ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ክበብ ሁሉ ዝም አለ፣ እሱም ከአገር ወጣ።

ለንደን ውስጥ ረፍ ትሬድ የሚባል ዝነኛ ሙዚቃ ቤት አለ፤ በ1976 ሱቅ ሆኖ ተከፍቶ በ1978 ራሱ አሳታሚ ሆነ። ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ እንደ ተአምር ነው። የእኛው ሰው ግን ያንኑ ሥራ ቀድሞ ሠርቶታል፣ ያውም ሕግ ተላልፎ። ሙዚቃ ቤት የሚይዝ ሰው በመደርደሪያው ላይ የጎደለውን ያውቃል፤ ምክንያቱም ሰው በየቀኑ እየመጣ «እሱስ የለም?» ይለዋል።

ናይሮቢን በፍቅር ነው የማነሳት። ለሥራ ሄጄ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኬንያታ ገበያ ወሰደችኝ። ግራና ቀኝ ፀጉር የሚጎነጉኑ ሴቶች እጅሽን ይዘው ይጎትቱሻል፤ ከወዲያ የጥብስ ጭስ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ መሀል ነው የሸክላ ሱቁ ያለው። እንደ ጋሼ ሱቅ ጠባብ፣ እንደ ጋሼ ሱቅ እስከ ጣራው የሞላ። ሩምባ፣ ቤንጋ፣ ታራብ የሚባለው ሙዚቃ ሁሉ አለ። ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀኝ ቤት ውስጥ ምን እንደምሰማ ነው። እኔም አፍሬ አፍሬ ያችን ዜማ አንጎራጎርኩለት። ምንም ሳይናገር ሄደና አንድ ሸክላ አወረደ፤ አቧራውን በጨርቅ ዙሪያውን ጠረገ፣ መርፌውን በጣቱ ቀስ አድርጎ አሳረፈ።

ክው ነው ያልኩት። ማሲንቆ መሰለኝ። ኦሩቱ ይባላል፤ የሉኦ ሕዝብ መሣሪያ ነው፣ ባለ አንድ ክር፣ እንደ ማሲንቆ በቀስት የሚመታ። ድምፁ ከእኛው ይቀጥናል፤ ግን ያ እንደ ሰው ሲቃ የሚመስለው አወጣጡ አንድ ነው። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፣ ጎጃምን በካርታም አላያት ይሆናል፤ ግን ሰምቶኛል። በርጩማም ሰጠኝ፤ ይሄን ስነግራችሁ አሁንም ደስ ይለኛል። ሸክላውን ገዛሁት። ማጫወቻ እንኳ አልነበረኝም።

ከዚያ ደግሞ አሜሪካ። እህቴ ኦክላንድ ነው የምትኖረው፣ ጎረቤቷ በርክሌይ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አሜባ ሙዚክ አለ። በ1990 የተከፈተ ነው። ሰባት ዓመት ቆይተው ሳንፍራንሲስኮ ላይ ሌላ ከፈቱ፣ የድሮ ቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ፤ ስፋቱን ከዚህ ገምቱ። በርክሌይ ገብቼ ስዞር ስዞር የኢትዮጵያን መደርደሪያ አገኘሁ። ያ የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ያሳተመው፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰባሰበው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የሙዚቃችን ተከታታይ አልበም ተደርድሯል። ቁጥር 4 ሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ዓይኔ የሄደው ቁጥር 2 ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ናቸው። እጄ እየተንቀጠቀጠ የዘፈኑን ዝርዝር አነበብኩ። የእናቴ ዘፈን አልነበረም።

ስለ አሜባ ምን ልበላችሁ፤ ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሌለ ነገር የለም፣ ዕድሉ ከገጠማችሁ ሂዱ። ግን የማንጎራጉርለት ሰው አጣሁ። ሠራተኞቹ ትሁት ልጆች ናቸው፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ሳልጠይቅ ወጣሁ። ስለዚህ ከናይሮቢ በታች ነው የማስቀምጠው፤ እህቴ ትቀየመኝ።

አሁን ወደ ቤታችን። ጋሼ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁ መጀመሪያ ሲዲ ቤት ሆነ፣ ከዚያ ልብስ መሸጫ ሆነ። ግን ጋሼ ዘንድ ይላላክ የነበረው ልጅ ወደ ፔዳ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በሚወስደው በኩል የራሱን ሱቅ ከፍቷል። ስልክ ይጠግናል፣ በር ላይ «ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። አላወቅሁትም ነበር፤ እሱ ነው ያወቀኝ። «አንቺ የደንገሏ ልጅ አይደለሽም?» አለኝ።

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ደብተሩን አወጣው።

ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል። ገጾቹ ላይ የከተማው ሰው ሁሉ አለ፦ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ፣ ወታደር፣ «ስሟን ያልተናገረች ሴት»። የተገኘው ዘፈን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ያልተገኘው እንዳለ ነው። ገልብጬ ገልብጬ የእናቴን ስንኝ አገኘሁት፤ በጋሼ ያች ወደ ግራ በምታዘነብል ጽሕፈት። አልተሰረዘም። ከጎኑ ግን በሌላ ቀለም፣ ማለት በሌላ ቀን፣ «የደንበጫው ሾፌር ይጠየቅ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ አሁንም በሌላ ቀለም፣ «ተጠየቀ። ሴትዮዋ የቡሬ ናት ይላል።»

ጋሼ ይህን አንድም ቀን አልነገሩኝም። ልጁን ጠየቅሁት። «ሾፌሮቹን ሁሉ ይጠይቁ ነበር እኮ» አለኝ። ካሴት ከከተማ ከተማ የሚሄደው በእነሱ ነው፤ ሾፌር መኪናው ውስጥ የሚሰማውን ነው መንገደኛው መናኸሪያ ወርዶ የሚጠይቀው። ጋሼ ያን ስለሚያውቁ ደብተሩን ይዘው መናኸሪያ ይወርዱ ነበር። እኔ እናቴ ፊት ስሸማቀቅ፣ እሳቸው ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ቃል ብለው ሾፌር ሲያስቆሙ ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ የተጻፈበት የሌለ ካሴት ካለ አትጣሉት። በተለይ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የማኅበር። እዚህ ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፣ ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታ ያያችሁበትን ዝም ብላችሁ አታጫውቱ፣ ክሩም የቴፑም ራስ ይበላሻል፤ የሚያጸዳ ሰው ፈልጉ። ደህና የሆነውን በእጅ ወይም በእስክሪብቶ ትንሽ አላሉና ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኑት፣ ከዚያ አጫውቱ። ከላይ ጠርዙ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፤ ስበሯቸው፣ ማንም በስህተት በላዩ እንዳይቀዳበት። ቁመው ይቀመጡ፣ ከሞንታርቦ ይራቁ፣ ማግኔት አለው። ልጁ ሱቅ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥበት ቴፕ አለ፤ ከጋሼ ቤት የወጣው ራሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ደብተሩ ላይ አዲስ መስመር አስጻፍኩ። ልጁ ቀኑን ጻፈ፣ ስልኬን ጻፈ፣ «ቡሬ» ብሎ አሰመረበት። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ሞንታርቦውን አጠፋውና «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ይበሉት» አላት። አለችው። በስልኬ ቀዳኋት።

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደንበጫ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ አባቶቻችሁን፣ አክስቶቻችሁን አጠገባችሁ ጥሩልኝና ይስሙት። እናቴ ናት፣ ዜማው እንዲህ ነው የሚሄደው።