ዘንድሮ ቃል አንቀበልም

(ለሀዋሳ ግማሽ ማራቶን ተጓዦች በተዘጋጀው የእድራችን የሽኝት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሰፈሬ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ድንኳኑን አይታችሁ "ማን ሞተ?" ያላችሁ አላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልሞተም። ዛሬ የተተከለው ለሽኝት ነው። የፊታችን እሑድ ከመካከላችን የወጣን ሰዎች ሀዋሳ ላይ ግማሽ ማራቶን እንሮጣለን። ለሁላችንም የመጀመሪያችን ነው።

ልምምድ የጀመርነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኛለን። ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስን እንወጣዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ረድፍ ሮጠን ሁለት ረድፍ እንራመድ ነበር። ያሠለጠነን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ክለብ ውስጥ የሮጠ። ትእዛዙ አንድ ነበር፦ "እያወራችሁ ሩጡ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።" ቀስ በቀስ እንጦጦ ጫካ ወጣን፤ ከዚያ ኮሮኮንች፣ ከዚያ አስፋልት። የነቢያት ጾም ሲገባ ጾመኞቹ የሥራ ቀን ልምምዳቸውን ወደ ማታ አዛወሩት እንጂ አላቋረጡም።

ከእኛ ጋር የምትሮጥ አንዲት እናት አለች። እንጀራ ጋግራ ነው የምታድረው። ሊጡን አቡክታ፣ ምጣዱን ለልጇ አስረክባ ትመጣለች። ጫማዋ ሳልባጅ ነው፤ የግራው ሶል ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። አንድ እሑድ 18 ኪሎ ሜትር ስንሮጥ ከፊቴ ነበረች። እስኪያልቅ ድረስ ያቺን የተሰፋች ሶል እያየሁ ነው የሮጥኩት። ስሟን እንዳልጠራ ለምናኛለች። እዚህ ድንኳን ውስጥ ግን አለች።

ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳዋለች። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 እዚያው ከተማ በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብቷል። እኛ ሦስት ሰዓት ሊፈጅብን ይችላል። ርቀቱ ግን ያው ነው። ለማንም አንድ ሜትር አይቀነስም።

የምናሰባስበው ገንዘብ የሚሄደው ይርጋለም ላለው የፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ከሀዋሳ ወደ ደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፊስቱላ ምን እንደሆነ እዚህ ያላችሁ እናቶች ታውቃላችሁ። ምጥ ይጠናል። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትየዋን ገላ አጥንቷ ላይ ይጫነዋል። ደም ያላገኘው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ብዙውን ጊዜ ልጁም አይተርፍም። ከዚያ ሽንቷን መያዝ አትችልም። ባል ትቷት ይሄዳል። ጎረቤት ይርቃታል። ገበያ መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ለቅሶ መድረስ ይቀርባታል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው ደግሞ ባብዛኛው በኦፕራሲዮን ሊድን በሚችል ነገር ነው።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት ሥራ ብለው ነበር የመጡት። በዚያው ቀሩ። በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ አረፉ። ዛሬ ከይርጋለም ሌላ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐረርና መቱም ሆስፒታሎቹ አሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታማሚ ሆነው መጥተው፣ ከዶክተሮቹ ሥር እየተማሩ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ ሳይረግጡ ሌሎች ሴቶችን በቀዶ ጥገና የሚያድኑ ሰው ሆኑ። ሕክምናው ለታማሚዎቹ በነጻ ነው። በነጻ ሆነ ማለት ግን ሌላ ሰው ከፍሏል ማለት ነው። ከፍሏል እንጂ "እከፍላለሁ" ብሏል አላልኩም።

ከመጣሁ ጀምሮ ሆዴን የሚበላኝም ይኸው ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ኩላሊቱ ሥራ ላቆመው ወንድማችን። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ያደርግ ነበር። ማይኩ ዞረ። "እኔ አሥር ሺህ!" ጭብጨባ። "እኔ ሃያ!" እልልታ። ያኔ ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ። ሁሉንም በሰማያዊ ደብተር ጻፍኩት። በግራ ስም፣ በመሃል ቃል የተገባው፣ በቀኝ የተከፈለው። ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ። ቀኙ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው።

ደወልኩ። "ስብሰባ ላይ ነኝ።" "መኪና እየነዳሁ ነው።" "ደሞዝ ይግባና።" በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚያም ዝግ።

ሚስቱ ግን በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ በሬ ላይ ትቆማለች። "የተባለው ገባ እንዴ?" ትለኛለች። "ግቢ፣ ቡና ጠጪ" ስላት፣ "የለም፣ ብቻውን ነው" ትላለች። የተባለው! እዚህ የተባለውን ብር ይዛ ወራቱን ቆጥራ ነበር። ሦስቱ ቀን ወደ ሁለት ወረደ። ፍሪጁ ተሸጠ። ቀጥሎ የጋብቻ ወርቋ። ምንም ባንላት ኖሮ ሌላ በር ታንኳኳ ነበር። እኛ ግን አጨብጭበን "አይዞሽ፣ ሞልቷል" አልናት። አመነችን። ቁጭ አለች።

ወንድማችን ሲያርፍስ? የእድሩ ገንዘብ በዚያው ቀን ወጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ መጣ። ስልካቸውን የዘጉት ሁሉ መጡ። ሬሳውን ተሸከሙ። ሦስት ቀን ከእሷ ጋር ተቀመጡ። አንድም የቀረ የለም።

እኔ ይህን መሸከም አቅቶኛል። ለሞተ ሰው አንዲት ቀን የማናዛንፍ ሰዎች፣ ለታመመ ሰው ሲሆን የት ነው የምንጠፋው? እድር ላይ ቀሪ ይጻፋል፣ ቅጣት አለ፤ ስለዚህ እንከፍላለን። በቁሙ ላለ ሰው ቅጣት ስለሌለ ነው? ከቀብሩ ቀድመን ብንከፍል ኖሮ ቢያንስ ሦስተኛዋ ቀን አትቀርበትም ነበር!

ድህነት ነው የሚል ካለ አልቀበለውም። ያቺ እንጀራ ጋጋሪ ማይክ አልያዘችም። በማግስቱ ጠዋት ከመቀነቷ ፈትታ 500 ብር ሰጥታኝ ወደ ምጣዷ ሄደች። ቸግሮት "አልቻልኩም፣ ይቅርታ" ብሎ የደወለልኝም አለ፤ አከብረዋለሁ። የምወቅሰው ጭብጨባውን ወስዶ ገንዘቡን ያስቀረውን ነው። 18 ኪሎ ሜትር ሮጠን "የቀረውን በሚቀጥለው ወር" ብንል ሜዳሊያ የሚያጠልቅልን አለ? የለም! ታዲያ በታመመ ሰው ስም ሲሆን ለምን ይፈቀዳል?

ስለዚህ ኮሚቴው ወስኗል። ዘንድሮ ማይክ አይዞርም። ቃል አንቀበልም። ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ብርም ይሁን 100፣ በ21 አባዝታችሁ ዛሬ ትከፍላላችሁ። በቴሌብርም፣ በባንክም፣ በጥሬውም ይሆናል። ለሁሉም ደረሰኝ አለ። እድሩ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው የገባው ብር ብቻ ነው። ከእኛ አንዱ መንገድ ላይ ቢያቋርጥ ገንዘቡ አይመለስም፤ ይርጋለም ያሉት ሴቶች የእኛን እግር አይጠብቁም።

ለሯጮች አንድ ነገር። ሀዋሳ ከፍታው 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትንፋሽ ይቀላል። የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ጅማሬው ላይ ሰው ሲፈተለክ አትከተሉ።

ውሃና ቲሸርት ለሰጣችሁን የሰፈራችን ባለ ሱቆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከእድሩ ቤት በር ላይ ይነሳል፤ የዘገየ አይጠበቅም። ገንዘብ ያዣችን መውጫው ጋ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣለች። ደረሰኙን ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።