የድሮ ስፒከር የት ይቁም?

ውድ የሸክላና የድሮ ስፒከር ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ የስፒከር ማቆሚያ ነው። ማቆሚያ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ከየት ይገዛል? ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ወደዚያ እንደርሳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ተቀበሉኝ፤ የድሮ ስፒከር የሠራው ሰው ዕቃው የት እንደሚቆም አስቦ ነው የሠራው። ያንን ቦታ ሳያውቁ ማቆሚያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዛሬ ዛሬ ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወር አንድ ሕግ አለ፦ ስፒከር 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳም ይራቅ። ለአንዳንዱ ልክ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለተሠሩት ብዙዎቹ ግን ጉዳት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በክሊፕሽሆርን ልጀምር። ፖል ክሊፕሽ አሜሪካ ውስጥ፣ አርካንሳስ፣ ሆፕ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1946 ኩባንያውን ያቋቋመበት ስፒከር ነው። የቤዙን (የወፍራሙን ድምፅ) ቀንድ፣ ማለትም እየሰፋ ሄዶ ድምፁን የሚያጎላውን መተላለፊያ፣ ሳጥኑ ውስጥ አልጨረሰውም፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው የክፍሉ ማዕዘን ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች የስፒከሩ አካል ናቸው ማለት ነው። ከማዕዘን አውጥቶ መሀል ቤት ያቆመው ሰው ቤዙ ጠፋበት ብሎ ቢያማርር ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም።

ዋናው ጉዳዬ ግን ኤአር (አኩስቲክ ሪሰርች) የተባለው የአሜሪካ ስፒከር ሠሪ ነው። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ይፋ ያደረገው ኤአር-1 ሳጥኑ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ የሚርገበገበውን ኮን ይመልሰዋል። በዚህ ዘዴ ከትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ ወጣ። ዛሬም በእጃችን የሚገባው ኤአር-3ኤ የተከተለው በ1967 ነው። 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚሸጠው ግን የመጽሐፍ መደርደሪያ ስፒከር ተብሎ ነበር! ይህን ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት። ግራና ቀኙ መጽሐፍ ተደርድሮ፣ ጀርባው ግድግዳ ሆኖ፣ ፊቱ ከመጽሐፎቹ ጋር እኩል ሲሆን ስፒከሩ የግድግዳው ቁራጭ ይሆናል። እንዲያውም ኤአሮች የዉፈሩን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ድምፅ ሲለኩ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ሳጥኑን ፊቱ ከመሬቱ ጋር እስኪተካከል ይቀብሩት ነበር። እንዲህ የተለካን ስፒከር ቀጭን እግር ላይ አንጠልጥሎ መሀል ቤት ማቆም ምን የሚሉት ነው?

ምክንያቱን ላስረዳ። ቀጭን ድምፅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ወፍራም ድምፅ ግን ሳጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ግድግዳ መትቶም ይመለሳል። ግድግዳው በጣም ቅርብ ከሆነ የተመለሰው ከአዲሱ ጋር አብሮ ቤዙን ያጎለብተዋል። ርቀቱ የሞገዱ ርዝመት ሩብ ሲሆን ግን የተመለሰው ተገልብጦ ይደርስና ይጣላሉ፤ ያ ኖታ ይሟሽሻል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዉፈሩ ከኋላው ግድግዳ 1 ሜትር ከራቀ የሚጠፋው 86 ኸርዝ (በሴኮንድ 86 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ ቤዝ ጊታር የሚውልበት ሰፈር። ግማሽ ሜትር ከሆነ 172 ይሆናል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሩ ይለወጣል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አይለወጥም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም።)

ይህን በደንብ ያሳየው ኤአር ቤት ይሠራ የነበረው ሮይ አሊሰን ነው፤ ጽሑፉ በ1974 ታተመ። ከሁሉ የከፋው፣ ዉፈሩ ከወለሉም፣ ከኋላው ግድግዳም፣ ከጎኑም እኩል ሲርቅ ነው። ሦስቱም 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ሦስቱም 143 ኸርዝ ላይ ተባብረው ይመቱታል። የወንድ ድምፅ ሙላት የሚያገኘው እዚያ አካባቢ ነው፤ ጥላሁንን ስትሰሙ ደረቱ የተወሰደበት ከመሰላችሁ ሜትር አውጡና ለኩ። መፍትሔው ሦስቱ ርቀቶች እንዳይመሳሰሉ ማድረግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ረጅም ማቆሚያ ለማን ነው? እንደ ኤልኤስ3/5ኤ ላሉት። ይህችን ትንሽ ሳጥን ቢቢሲ የሠራት ከስቱዲዮ ውጭ ለሚሠሩ የስርጭት መኪኖች ነበር፤ ባለሙያው አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያዳምጣት። ቁመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ቤዙ የጎደለ እንዳይመስል ከመቶ ኸርዝ ከፍ ብሎ ትንሽ ጉብታ አላት፤ ስለዚህ ግድግዳ ከተጠጋች ታጉረመርማለች። እሷን ከግድግዳ አርቁ፣ ከፍ አድርጉ፣ ትዊተሯ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል። የጄቢኤል ኩባንያው ኤል100 የተባለውስ? በ1970 የወጣ፣ 4310 ከተባለው የስቱዲዮ ስፒከር የተወለደ፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ግንዲላ ነው። እሱን ረጅም እግር ላይ ብትሰቅሉት ትዊተሩ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። አጭር እግር፣ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል ያለ ይበቃዋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን የተቀመጠ ስፒከር ስንት ቤት አይቻለሁ! ብርጭቆው አብሮ ይዘፍናል። ክፍሎቻችንም ተለውጠዋል። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዴ ኮርኒስ ያለው የድሮ ቤት ለሙዚቃ ገር ነበር፤ የተወጠረው ጨርቅና ከበላዩ ያለው ባዶ ቦታ ድምፅ ይውጣል። ብሎኬት፣ ኮንክሪትና ሴራሚክ ግን ሁሉንም መልሰው ይወረውሩታል። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ለቀጭኑ ድምፅ ይረዳሉ፣ ለቤዙ ግን እምብዛም። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ ሁለቱም አቅጣጫ 43 ኸርዝን ያገንናሉ፤ እዚያ ስፒከሩን ብቻ ሳይሆን ሶፋውንም ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለመፈተሻ በገና እመርጣለሁ። የዓለሙ አጋን ክፈቱና አንዱ አውታር ከሌሎቹ ተለይቶ ቤቱን ከሞላው፣ ያ የበገናው ሳይሆን የክፍላችሁ ድምፅ ነው።

አሁን ዋጋው። ማቆሚያ ከውጭ አታስመጡ። ብየዳ ቤት ሂዱ፤ ወፍራም ቱቦላሬ፣ ታችና ላይ ጠንካራ ላሜራ፣ ታችኛው ከስፒከሩ ሰፋ ያለ። ቱቦላሬው ባዶ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፤ አሸዋ ሙሉበት፣ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ያለዚያ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ሾል ያለ እግር ሴራሚክ ይሰነጥቃል፤ ጎማ ይበቃል። ስለ ሹል እግር ከሚወራው አብዛኛውን አላምንበትም፤ የምትከራከሩኝ ካላችሁ በኋላ እንገናኝ። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ 24 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን በቀጭን እግር ላይ አይቆምም፤ ይህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም።

ከጀርባዬ ያሉትን ሁለት ስፒከሮች ሆን ብዬ ነው በመጥፎ ቦታ ያቆምኳቸው፤ ከወለል 60፣ ከግድግዳ 60፣ ከጎን 60። ጉልበት ያላችሁ ሁለት ሰዎች ወደ ፊት ውጡልኝ። አንድ ሸክላ እከፍታለሁ፤ እናንተ በቀስታ ወደ ግድግዳው ትገፏቸዋላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ድምፃዊው ደረቱ የተመለሰለት ሲመስላችሁ እጃችሁን አውጡ።