«አስቸጋሪ» ብዬ የጻፍኩበት ሌሊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መምህሮቼ፣ ዘንድሮ ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ዕድገትና አወቃቀር» ይላል። ይህን ርዕስ ሲሰማ ሆዱ የማይከብደው ነርስ ጥቂት ነው። አልፈርድባችሁም። ኮርሱን ሁላችንም ወስደነዋል። ስሙንና ዓመቱን ሸመደድን፣ ፈተና ላይ ዘረገፍን፣ በማግስቱ ረሳን። ዋርድ፣ ታካሚዎች ወደተኙበት ክፍል፣ ስንገባ ደግሞ «እሱን እዚያው መማሪያ ክፍል ውስጥ ተዉት፣ እዚህ ሥራ ነው» ተባልን። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህ አባባል ምን ያህል እንደጎዳን ልነግራችሁ ነው። አንድ ሌሊት ላውራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አልጋ ስድስት ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ደወሉ። ሄድኩ። ውሃ አሉ፣ ሰጠኋቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደገሙ። ትራሱን አስተካክይልኝ አሉ። ቀጥሎ መስኮቱን ዝጊ፣ ቀጥሎ ክፈቺ፣ ቀጥሎ ስንት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የካኑላቸውን፣ ደም ሥራቸው ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ፣ ፕላስተር ሲልጡ ደረስኩ። ተቆጣኋቸው። ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የደም ግፊት ለካሁ፣ ሁሉም ደህና ነው። የሕመም ማስታገሻቸውን በሰዓቱ ወስደዋል። ሌላ ምን ላድርግ? ቻርታቸው ላይ «ታካሚው አስቸጋሪ ነው፣ አይተባበርም» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሌላው ሥራዬ ሄድኩ።

አብራኝ ተረኛ የነበረችው አንጋፋ ሲስተር ቻርቱን አነበበችው። አልገሠጸችኝም። ወንበር አንስታ ሄዳ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ መድኃኒት እያዘጋጀሁ ድምጿን እሰማለሁ።

«አባባ፣ ሲደውሉ የጠማዎት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳይዎት ግን መተኛት የፈሩ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው አልጋ አምስትን አሳዩዋት። ባዶ ነው። ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበታል። ባለፈው ሌሊት እዚያ የተኛው ሰው ከእሳቸው ጋር ሲጫወት አምሽቶ፣ ደህና እደሩ ብሎ ተኛ። በዚያው አልነቃም። እኛ አስከሬኑን አወጣን፣ አልጋውን አጸዳን፣ በተረኞች ርክክብ ላይም ተነጋገርንበት። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ተኝተው ሁሉን ሲያዩ ላደሩት ሰው ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም።

ሲስተር የእኛ ጠረጴዛ ወደሚታይበት ቦታ አልጋቸውን አዛወረች። «በየሰዓቱ እየመጣሁ አይዎታለሁ» አለቻቸው። ቃሏንም ጠበቀች። እስኪነጋ ደወሉ አልጮኸም።

ያቺ ሲስተር ያደረገችው ነገር በሙያችን ስም እንዳለው ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። አይዳ ጂን ኦርላንዶ የምትባል ነርስ ወደ 2,000 የሚጠጉ የነርስና የታካሚ ንግግሮችን መዘገበች። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መዝገቧን ለሁለት ከፈለችው፤ ጥሩ የሆኑትን በአንድ ወገን፣ ያልሆኑትን በሌላ ወገን። ከዚያ ልዩነቱን ፈለገች። በ1961 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስቀመጠችው መልስ ይህ ነው፦ ነርስ ታካሚውን ታያለች፣ ካየችው ተነስታ ታስባለች፣ አንድ ነገርም ይሰማታል። ያሰበችው ግን ገና ግምት ነው። ወደ ታካሚው ተመልሳ «እንዲህ መስሎኛል፣ ልክ ነኝ ወይ?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ እውነት አይሆንም። የእኔ «አስቸጋሪ» ያልተጠየቀ ግምት ነበር። የሲስተር «ተሳስቻለሁ?» ደግሞ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ነው። ኦርላንዶ ይህን ያገኘችው ነርሶች ሲሠሩ አይታ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ያቺ ሲስተር ጡረታ ወጥታለች። የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ነው የወጣችው። በዚያ ቻርት ላይ የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው፤ «አስቸጋሪ»። የእሷ አልተጻፈም። ስንት ሲስተሮች፣ ስንት ወንድሞች እንዲህ ሆነው ወጡ? የሕክምናው ዕውቀት ይጻፋል፣ የመድኃኒቱ ይጻፋል፣ የእኛ ግን ርክክብ ላይ ተወርቶ ይቀራል። ከዚያ ሰው «ነርስ ምን ታውቃለች?» ሲል እንናደዳለን።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንዲህ አልነበረችም። ከክራይሚያ ጦርነት ስትመለስ ትዝታ ብቻ ይዛ አልመጣችም። ቆጥራ ነው የመጣችው። በ1858 ባወጣችው ሥዕላዊ ሠንጠረዥ ከቁስል ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ ብዙ ወታደር እንደገደለ አሳየች። በ1859 ስለ ነርሲንግ ባሳተመችው መጽሐፍ ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ጸጥታና ምግብ የነርስ ሥራ መሆናቸውን በግልጽ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ነርስ ትእዛዝ ፈጻሚ ሆና ቆየች። ሂልደጋርድ ፔፕላው በነርስና በታካሚ መካከል ስላለው ግንኙነት መጽሐፏን ጽፋ የጨረሰችው በ1948 ነው። የታተመው በ1952። አራቱን ዓመት ምን ያዘው? ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪነት ብቻዋን መጽሐፍ ማሳተሟ ለዚያ ዘመን ከልክ ያለፈ ድፍረት ነበራ! እስቲ አስቡት። ከታካሚ ጋር ሌሊቱን የምታነጋው እሷ፣ የምትሰማው እሷ፣ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ግን አጠገቧ የሌላ ሰው ስም ያስፈልጋታል! ዛሬ እንዲህ ያለ በር የዘጋብን ማን ነው? ማንም! ዛሬ እኛው ነን ብዕሩን ያስቀመጥነው!

ስለ አወቃቀሩ ቃል ገብቻለሁና በአጭሩ ልበል። የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ በደረጃ የተቀመጠ ነው። ከላይ የነርሲንግ ምሁሯ ጃክሊን ፎሴት ያደራጀቻቸው አራት ጉዳዮች አሉ፦ ሰው፣ አካባቢ፣ ጤና፣ ነርሲንግ። ከሥራቸው ትልልቆቹ ሞዴሎች ይመጣሉ፤ የኦሬም ራስን መንከባከብ፣ የሮይ መላመድ፣ የሮጀርስ ሰውን ሳይከፋፍሉ ማየት። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቋንቋቸው ከባድ ነው፤ ተማሪ ቢሸሻቸው አይገርመኝም። ከእነሱ በታች ያሉት መካከለኛዎቹ ንድፈ ሐሳቦች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚያተኩሩ ለዋርድ ይቀርባሉ። ሚሼል በ1988 ሕመምተኛ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ሲቀር ስለሚሰማው ነገር ጽፋለች፤ ኮልካባ ስለ ምቾት። ከሁሉም በታች በእጃችን የምንይዘው መሣሪያ አለ። የአልጋ ቁስል ስጋት የምንለካበትን የብሬደን ስኬል አስቡ። የሰውነት ስሜት፣ እርጥበት፣ እንቅስቃሴ፣ አቀማመጥን የመቀየር ችሎታ፣ ምግብ፣ ፍትጊያ። ስድስት ነጥብ። ድምሩ ዝቅ ሲል ስጋቱ ይጨምራል። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም፣ ሁለት ነርሶች፣ ቆዳ ጫናን እስከምን ድረስ ይችላል ብለው ከጠየቁ በኋላ የሠሩት ነው። ያንን ቅጽ ስትሞሉ ንድፈ ሐሳብ እየሠራችሁበት ነው።

ባርባራ ካርፐርም በ1978 ነርስ በአራት መንገድ እንደምታውቅ ጽፋለች፤ በሳይንስ፣ በጥበብ፣ ራስን በማወቅ፣ በሥነ ምግባር። ቫይታል ሳይን መለካት ከአራቱ አንዱ ነው። እኔ ያን ሌሊት አንዱን ይዤ ሌሎቹን ሦስት ትቼ ነበር።

ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ነርስ ከጀማሪነት ወደ ጠቢብነት እንዴት እንደምታድግ ስታሳይ ማስረጃዋ የነርሶች ታሪክ ነበር። ነርሶቹን አናገረቻቸው፣ የነገሯትን ጻፈችው። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጬያለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ጻፉበት። የታካሚው ስም አይጻፍ። ምን አያችሁ፣ ምን መሰላችሁ፣ ስትጠይቁት ምን አለ፣ ምን አደረጋችሁ። የመጀመሪያው ገጽ ተይዟል፤ አልጋ ስድስትን ጽፌበታለሁ። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው።