ቅዳሴ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳሉ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልካችንን ያጨናነቁት በዕድሜ ጠና ያሉ አድማጮች ናቸው። በአየር ላይ ቶሎ ቶሎ ያለፍኩትን እዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምደውለው ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። 67 ዓመቴ ነው። ልጄ ዘንድ ልኖር ከመንዝ መጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ እንዴት አደርሽ ያለኝ የለም። አገሬ ቢሆን በሩ ላይ ሳልደርስ በስሜ እጠራ ነበር። የከተማ ሰው ልቡ ደርቋል እንዴ?»

እናቴ፣ ልቡስ አልደረቀም። ሰው የፈለጉበት ሰዓት ነው የተሳሳተው። በቅዳሴ መሐል ማን ማንን ያወራል? ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ የራሱን ጉዳይ ለፈጣሪው እየነገረ ነው። ሲያልቅ ደግሞ እርስዎ ቀጥ ብለው ወደ ቤት። ትውውቁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰንበቴ ቤት።

እሑድ ሕዝቡ ሲወጣ ቶሎ አይሂዱ። ሰንበቴው የት እንደሆነ ይጠይቁና የሰንበቴውን መሪ፣ ሙሴውን፣ ያግኙ። የሙሴን ሥራ ለመንዝ ሰው አላስተምርም። «መግባት እፈልጋለሁ» ይበሉት፤ ለአባላቱ ያቀርብልዎታል፣ የሚደግሱበትን ተራም ይነግርዎታል። ወጪው ከከበደ ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ ማውጣት ይቻላል፣ አይፈሩ። ሰበካ ጉባኤም ይመዝገቡ። አለዚያ ፍትሐት የሚያስፈልግ ቀን ልጅዎ «አባል ናቸው ወይ?» ተብሎ ይጉላላል።

የኔም እናት ከሞላሌ ስትመጣ እንዲሁ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጋቢዋ ስር ሸጉጣ ሄደች። ሰንበቴው በር ላይ ቆማ ቀረች። የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ አይምርም። አንዲት አሮጊት ከውስጥ «ምን ይገትርሻል፣ ግቢ እንጂ!» አሏት። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ከዚያ ያው ጥያቄ መጣ። «የየት አገር ሰው ነሽ?» «የመንዝ።» «መንዝ የት? ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ?» ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ ዝምድና ተገኘ። የአክስት ልጅ ባል ምናምን ነው፣ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ መጣሌ አይደለም። ሦስት ወር አዲስ ፊት አይቶ ዝም ያለ ምእመን ነውር ሠርቷል። እሱን ለብቻው እነግረዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገሬ አንኮበር ተመልሻለሁ። በደርግ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ራቅኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ለቀብር ካልሆነ አልረገጥኩም። አሁን ብገባ ሰው ይስቅብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አንድ ሁለት ሰው ይንሾካሾክ ይሆናል። ለሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል።

እርስዎ የሚጀምሩት ከንስሐ አባት ነው። የሰፈሩን ቄስ ቤትዎ ጠርተው ቡና ያጠጧቸው፣ ጠበል ይርጩልዎ፣ እንዲህ በስልክ የነገሩኝን ለእሳቸው ይንገሯቸው። የእርስዎን ትውልድ ታሪክ ብዙ ሰምተዋል፣ አይደነግጡም። ከዚያ በኋላ በደጁ ሲያልፉ ብቻዎን አይደሉም፤ የሚያስተዋውቅዎ ሰው አለ። ደግሞ አስተማሪ ነኝ ብለዋል። ቃለ ጉባኤ አሳምሮ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ያልቸገረው ሰበካ ጉባኤ እኔ አላየሁም። ይህን ካወቁ እንኳን ሊስቁብዎት፣ ወንበር ይዘው ነው የሚጠብቁዎት።

ጥያቄ፦ «ከሸዋ ሮቢት ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ቅዳሴ ላይ ስቀመጥ ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል፤ ስለዚህ መሄድ ትቻለሁ።»

ይሂዱ፣ ይቀመጡ። ዲያቆኑ ራሱ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይል የለ? የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። የተቀመጠ እንዳለ ታውቋል! መቋሚያ ይያዙ፣ ግድግዳውን ይደገፉ፣ ለወንጌሉ ከቻሉ ይነሡ።

ጥያቄ፦ «ደብረ ሲና ነኝ፣ 71 ዓመቴ ነው። የ21 ማርያም ማኅበር ነበረን። 12 ነበርን፣ አራት ቀረን። ጠላ መጥመቅም አቅቶናል። ጽዋው እኔ ቤት ከመጣ አምስት ወሩ፤ ሳየው አለቅሳለሁ።»

እናቴ፣ 12 ስትሆኑ ተራው በዓመት አንዴ ነበር። አራት ስትሆኑ በዓመት ሦስቴ ሆነ። በዚህ ዕድሜ ይህ ከባድ ነው፤ ስንፍና እንዳይመስልዎ። ጠላውን ይተዉት። ዳቦና ቆሎ ይበቃል፤ ማርያም ጌሾ አትቆጥርም።

ሰው ግን ያስፈልጋችኋል። የሟቾቹን ልጆች ይጥሩ። «እናትሽ ከዚህ ጽዋ ጠጥታለች» ብሎ የሚጠራትን ሰው እንቢ የምትል ልጅ ጥቂት ናት። ሥራ የሚይዛቸው ከሆነ ለ21 ቅርብ በሆነው እሑድ አድርጉት፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩና። አንዷ እሺ ካለች ጽዋውን አጥበው፣ በሰፌድ ሸፍነው ይስጧት። የሚቀጥለው 21 እሷ ቤት ይሁን።