ለቀባሪ ሦስት ቀን፣ ለጧሪ ባዶ

የተከበራችሁ ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ ቤተሰብ የሚያስታምም ሠራተኛን አሠሪው እንዴት ይደግፈው የሚል ነው። አዘጋጆቹ ሰዓት፣ ፈቃድ፣ ገንዘብና የአለቆች ሥልጠና ብለው በአራት ከፍለውታል። አራቱንም እነካለሁ። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የመጣሁት ስለ አንዱ ለመናገር ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ከኋላ ይከተላሉ።

አማርኛችን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱን ቃል ነጥሎ የሚመርቅ ሽማግሌ የለም። አዋጃችን ግን ነጥሏቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለቀባሪ ከነደመወዙ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። አባትህ ሲሞት ሦስት ቀን አለህ። አባትህ በሕይወት እያለ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ሲውል፣ ከነደመወዙ ስንት ቀን አለህ? ባዶ!

«የሕመም ፈቃድ አለ አይደል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ። ይህ ግን ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። ለዚህ ነው የሰው እናት ስትታመም ልጅየው «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ወረቀት ይዞ የሚመጣው። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን የሚጽፍበት ቅጽ ስለሌላችሁ ነው።

«ያለ ደመወዝ ፈቃድስ?» እሱም አለ። ለየት ያለና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው፤ በየጊዜው ወደ አራት ሰዓት ማሽን ላይ መቀመጥ አለ። ብዙው የኬሞ ሕክምና በየሦስት ሳምንቱ ይመላለሳል። የጨረር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለሳምንታት ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ በአምስት ተከታታይ ቀን የሚያልቅ የትኛው ነው?

የቀረው የዓመት ፈቃድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ለሁለት! አስታማሚ የሚያስፈልገው ግን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። ሙሉ ቀን እየወሰደ በግማሽ ዓመቱ ይጨርሰዋል። ያ ፈቃድ የተሰጠው ደግሞ እንዲያርፍ ነበር፤ በሆስፒታል ኮሪደር ያረፈ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ።

በሆስፒታሎቻችን አስታማሚ ማለት ብርቱካን ይዞ የሚገባ ጠያቂ አይደለም። ካርድ የሚያወጣው እሱ ነው። በመድኃኒት ቤቱ ያልተገኘውን መድኃኒት ከተማ ውስጥ የሚያስሰው፣ ናሙና ይዞ ውጭ ላብራቶሪ የሚሄደው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሕክምናው ራሱ ይቆማል።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። አንቀጽ 27።

በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበተው አምስት ተከታታይ ቀን፣ ወይም በወር አሥር፣ ወይም በዓመት ሠላሳ የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ሲቀር ነበር። ማርፈድም በቁጥር አልተገደበም ነበር። የአሁኑ ቆጠራውን አጠበቀው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ፣ ወይም ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሊሰናበት ይችላል። ሲወጣ እፎይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አሁንም ይታያል።

ስምንት ጊዜ በስድስት ወር ማለት በሦስት ሳምንት አንድ ቀን ማለት ነው። እስቲ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እናስብ። ሰባት ዓመት ያገለገለች፣ እናቷን ስትሮክ የመታባት። ወንድሟ ውጭ አገር ነው፤ ገንዘብ ይልካል፤ እሷ ትጦራለች። የብዙ ቤት አደረጃጀት ይኸው ነው። ሌሊት እናትየውን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች፤ አለዚያ ዳሌና ተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ለመዳን ወራት ይፈጃል። ጠዋት ታጥባለች፣ ታለብሳለች። ቁርስ በጥድፊያ አይሰጥም፤ ስትሮክ የመታው ሰው ለመዋጥ ይቸገራል፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንንሽ ጉርሻ መብላት፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ትን ይለዋል፤ ትንታውም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይህን ስትሠራ ቆይታ፣ ቀን የምትውለው የቤት ሠራተኛ እስክትመጣ በር በሩን ታያለች። ሠራተኛዋ ከመጣች በሰዓቱ ትወጣለች። ሠራተኛዋ ሃያ ደቂቃ ከዘገየች እሷም ሃያ ደቂቃ ትዘገያለች፤ የታክሲ ሰልፍ ደግሞ ያባዛዋል። የጣት አሻራ ማሽኑ በ2፡30 ይዘጋል። እሷ በ2፡52 ትደርሳለች። ማሽኑ እናት የለውም።

አንደኛው ደብዳቤ ይደርሳታል። ሁለተኛው ይደርሳታል። ከአራተኛው በኋላ የበላይዋ ባያት ቁጥር ሰዓቱን ያያል። ስድስተኛው ላይ ራሷ መልቀቂያ ትጽፋለች፤ ከመባረር ይሻላል ብላ። እናንተም ፋይሉ ላይ «በራስ ፈቃድ» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ልብ አድርጉ! ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 26 የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ኢትዮጵያ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156ን ካጸደቀች ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ? «እናትሽን ስለምትጦሪ ተባረርሽ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ የለም። ማሽኑ ግን በየጠዋቱ ይጽፈዋል፤ እናንተ ትፈርሙበታላችሁ!

«ሕጉ እኮ ነው» የምትሉኝን ግን አልቀበልም። ስለ ማርፈድ የሚናገረውን ንዑስ አንቀጽ ከመጀመሪያው አንብቡት። የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ካልሆነ በቀር ነው የሚለው። የሥራ ደንቡን ማን ይጽፈዋል? እናንተ። ሕግ አውጪው ብዕሩን እጃችሁ ላይ አስቀምጦ ነው የሄደው። ምክር ቤት እስኪያሻሽል የምትጠብቁት ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ለዚያች የሂሳብ ሠራተኛ መፍትሔው መግቢያዋን ከ2፡30 ወደ 3፡00፣ መውጫዋንም በዚያው ልክ ማሸሽ ነው። ስምንት ሰዓቷ ስምንት ሰዓት ነው። ወጪው ምንም። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ድርጅት ይሳሳታል፤ አለቃዋ በቃል ይፈቅድና የማሽኑ ሶፍትዌር ላይ አዲስ ፈረቃ አይከፈትላትም። ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ ክፍል የሃያ ቀን ማርፈድ ቆርጦባት ታገኘዋለች። አለቃው የተቀየረ ዕለት ደግሞ የቃል ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ደብዳቤ፣ ከዚያ ማሽኑ፣ ከዚያ ደመወዝ ክፍል ነው። በሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ይታይ፤ ሕመም ይለዋወጣልና።

ከዚህ የከበደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት እጥበት ካለ፣ አዋጁ የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ማካፈል ይፈቅዳል፤ በቀን ከስምንቱ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይጨመር። ማለትም ጣሪያው አሥር ሰዓት ነው። ደንባችሁ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን ያ ጭማሪ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ክርክር ያስነሳባችኋል።

የፋብሪካ ሰዎች «መስመሩ ይቆምብናል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አንድ የስፌት ማሽን ባዶ ሲሆን ከኋላው ሥራ ይቆለላል። በመስመሩ ሁለት ሦስት ቦታ መሥራት የሚችል ተለዋጭ ሠራተኛ አሠልጥናችሁ ያዙ። ስልክ በር ላይ የምትሰበስቡ ከሆናችሁ ደግሞ የፈረቃ ኃላፊውን ቁጥር ለቤተሰብ የድንገተኛ ጥሪ ስጡ፤ በሽተኛው ወድቆ ልጁ ማታ እንዲሰማ አታድርጉ።

«ለአንዱ ከተፈቀደ ሁሉም አስታማሚ ነኝ ይላል» የሚለውን ፍርሃት በቁጥር እንየው። ሁለት መቶ ሠራተኛ አላችሁ እንበል። ሠላሳው አስታማሚ ሆኖ ተመዘገበ፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አምስት ቀን በክፍያ ሰጣችሁ፤ ሁሉም አሟጦ ተጠቀመ። 150 ቀን ነው። ሁለት መቶው ሰው በዓመት ወደ 280 ቀን ቢሠራ 56,000 ቀን ነው። ከሺህ ሦስት እንኳ አይሞላም። ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ሲለቅ ደግሞ የሚሰጣችሁ ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው፤ የምትቀጥሩት አዲስ ሰው የሙከራ ጊዜ ብቻውን እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል። ሒሳቡን እናንተው ጨርሱት።

ፈቃዱን «የማስታመሚያ ፈቃድ» በሉት፤ አምስት ቀን ሳይሆን አሥር ግማሽ ቀን ብላችሁ ጻፉት። ማስረጃ ስትጠይቁ የበሽታውን ስም አትጠይቁ፤ እሱ የሌላ ሰው ምስጢር ነው፤ ሠራተኛው ሊሰጣችሁም መብት የለውም። የቀጠሮ ካርዱ ፎቶ ወይም ካርድ ክፍል ማኅተም የሚያደርግባት፣ ቀንና ሰዓት ብቻ ያለባት ቁራጭ ቅጽ ትበቃለች። ቅጹን እናንተ አትማችሁ ስጡት፤ ሐኪሙ ለአስታማሚ ብሎ የሚጽፈው የተዘጋጀ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ቤተሰብ ማን ነው ለሚለው ደግሞ የሐዘን ፈቃዱን የዝምድና ቆጠራ አትገልብጡ። ያሳደገችው አክስት፣ ልጅ የሌላቸው ጎረቤት፣ የክርስትና እናት ሁሉ በዚህ አገር ይጦራሉ። «ያሳደገው ወይም በቤቱ የሚጦረው» የምትል ሐረግ ትበቃለች። በሴቶች ጉዳይ ክፍል ሥር እንዳትወሽቁት ደግሞ አደራ፤ ወንዱ ልጅ ያንን ቅጽ አይሞላም፤ እህቱ ላይ ይጥለዋል።

በቅን ልቦና የሚሠራ አንድ ስህተትም አለ። ባልደረቦች እንደ እድር ተሰብስበው ከዓመት ፈቃዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ለአስታማሚው ሲያዋጡ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 76 የዓመት ፈቃድን መተው ውጤት የለውም። የተወው ሰው ነገ ቢጠይቃችሁ ትሰጡታላችሁ። ከዚህ ይልቅ ፈረቃ ይለዋወጡ፤ በሰዓት ተመዝግቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ከ16 ሰዓት በላይ ዕዳ ሳይከማች። ካልተመዘገበ ሁልጊዜ ያቺው ደግ ሰው ትሸፍናለች፤ አንድ ቀን ትሰለቻለች።

ገንዘብን በአጭሩ። የተኝቶ ሕክምና ማስያዣ የሚፈለገው ዛሬ ነው፤ የብድር ኮሚቴያችሁ የሚሰበሰበው በአሥራ አምስት ቀን ነው። እስከ አንድ ወር ደመወዝ በአንድ ሰው ፊርማ በዕለቱ የሚወጣ ቅድመ ክፍያ ይኑር። ሲመለስ ተቆራጩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደማይችል አትርሱ። የሕፃናት ማቆያ የከፈታችሁ ተመስገኑ፤ የሰባ ዓመት አባትን ግን እዚያ አያስገቧቸውም።

ስለ አለቆች ሥልጠና አንድ ሰዓት ይበቃል። ደንቡን ያንብቡ፤ «ሌላ እህት የለሽም?» ብሎ መጠየቅ ክልክል መሆኑን ይወቁ።

አሁን ያቺን አንድ ገጽ ላንብብላችሁ፤ በሥራ ደንባችሁ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጨመር፤

«ያሳደገውን ወይም በቤቱ የሚጦረውን ሰው የሚያስታምም ሠራተኛ በአስታማሚነት ይመዘገባል። የተመዘገበ ሠራተኛ የመግቢያ ሰዓቱ በጽሑፍ እስከ አንድ ሰዓት ሊሸሽለት ይችላል። በማስታመም ምክንያት አርፍዶ ሰዓቱን በዚያው ሳምንት ያካካሰ ሠራተኛ፣ ማርፈዱ በዚህ ደንብ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ስለሆነ ለአንቀጽ 27 አይቆጠርበትም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም አይጻፍበትም። በዓመት አሥር ግማሽ ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል፤ ይህም ከዓመት ፈቃዱ አይቀነስም። የበሽታው ዓይነት አይጠየቅም።»

ቅጂው በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። የሠራተኛ ማኅበር ያላችሁ በሚቀጥለው ድርድር ወደ ኅብረት ስምምነቱ አስገቡት። ማኅበር የሌላችሁ ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለባችሁም፤ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጅ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው ያለው። አመሰግናለሁ።