ስንቁን በደረቱ የያዘ ወፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ወፍ ነው።

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከእስራኤል ፓርላማ ከክኔሴት አጠገብ፣ የወፎች መከታተያ ጣቢያ አለ። ከ1994 ጀምሮ እዚያው ነው። አንድ ኩሬ፣ ጥቂት ዛፍና ቁጥቋጦ። በአውቶቡስ ስንቴ አልፌዋለሁ! በሱኮት፣ በአይሁድ የዳስ በዓል ሰሞን ግን በማለዳ ሄጄ ለወፎች ቀለበት ሲታሰር አየሁ።

መረቡ በጣም ስስ ነው፤ ቁጥቋጦ መሃል ሲወጠር ለዓይን አይታይም። ወፍ ሲመጣ እጥፋቱ ውስጥ ይወድቃል። ባለሙያዎቹ ቶሎ ቶሎ እየዞሩ ያያሉ፤ ፈትተውም በጨርቅ ከረጢት ያመጡታል። ጨለማው ያረጋጋዋል።

ቀለበት የምታስረው ልጅ አንዱን አወጣችው። አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ ያለው ወንድ ነው፤ የሴቷ ቡናማ ነው። አንገቱን በሁለት ጣቶቿ መሃል አድርጋ ያዘችው፣ ሳትጫነው። ቁጥር የተቀረጸበትን ቀለበት በፒንሳ እግሩ ላይ ገጠመች። ክንፉን ለካች። ከዚያ ደረቱ ላይ እፍ አለችበት። ላባው ለሁለት ተከፈለ። ቆዳው ስስ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፤ ከጉሮሮው በታች ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በቢጫ ስብ ተሞልታለች። ስንቁ ነው። ሰሃራን የሚሻገረው በዚያ ነው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት።

«ምሥራቅ አፍሪካ። ኢትዮጵያም ይገባል።»

እዚህ ላይ ሆዴ ባባ።

እናቴ ጎንደር ልጅ ሳለች፣ ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆቹ ግር ብለው ይወጡና ኢየሩሳሌም ደህና መሆኗን ይጠይቁት ነበር። ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁታል። ሽመላ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲወርድ በእርግጥም በዚህ በኩል ያልፋል። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ ይባላል። እነዚያ ልጆች ትክክለኛውን መንገደኛ ነበር የጠየቁት። ይሄ እስካሁን ይደንቀኛል።

ቀለበቱም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ደረስክ ወይ? ተመለስክ ወይ? በ1899 ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ባለ ቁጥር የአሉሚኒየም ቀለበት ለወፎች ማሰር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ወፍ ሁሉ «ወፍ» ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ከሌላው ተለየ። መልሱ የሚመጣው ግን ሌላ አገር ያለ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ሲያሳውቅ ነው። ትንንሾቹ ወፎች ላይ የሚታሰረው አብዛኛው ቀለበት መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ አገር ቤት ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ አደራ። ቀለበት ያለው ወፍ ሞቶ ብታገኙ፣ የተጻፈውን ሁሉ ፎቶ አንሱት። ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። ቀለበቱ ላይ ለተጻፈው ተቋም ላኩት። ወፉ በሕይወት ካለ ግን ቀለበቱን እንዳታወልቁ፤ ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ ልቀቁት። ለልጆቻችሁም ንገሩ፣ ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ነው ወፍ የሚያገኘው።

ጥቁር ቆቡን ወፍ ከሚዛን በኋላ ለቀቁት፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ጥልቅ አለ።

በጸደይ እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። ጉልበቷን ያማታል፣ ቢሆንም ቀስ እያልን እንደርሳለን። ያኔ ወፎቹ የሚመጡት ከዚያ ወደዚህ ነው፤ የምትጠይቃቸው አታጣም። ደህና ሁኑልኝ።