የአልጋ ዳር ዕውቀት

ክቡራን የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከሌሊት ተራ ወጥታችሁ ሳትተኙ እዚህ አዳራሽ የተገኛችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ።

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ፣ እኔ እዚህ ጎንደር በነርስነት በምሠራበት ሆስፒታል ስለ ማግለያ ክፍል የተጻፈ መመሪያ ነበረ፤ ስለ አስታማሚ ግን በውስጡ አንድም ቃል አልነበረም። አስታማሚ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ መድኃኒት ገዝቶ የሚመጣው፣ በሌሊት ታማሚው ትንፋሽ ሲያጥረው ሮጦ ነርስ የሚጠራው እርሱ ነው። ከደምቢያና ከጭልጋ ታማሚ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ከበር እንዳያልፍ በታዘዘ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ማንም ሳይቆጥረው በአንድ ሌሊት እኛ ላይ ወደቀ።

ጉድለቱን ቀድማ ያየችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠጋ ብላ፣ «ሲስተር፣ ሰዎቹ እኮ እየበሉ አይደለም፤ ምግቡን እንዳለ ነው የምደፋው» አለችኝ። ገብቼ ሳይ እውነቷን ነበር፤ ታማሚው ለመብላት የኦክስጅን ጭንብሉን ሲያነሣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ አንድ ጉርሻ ሳይጨርስ ይደክመዋል፣ ታግሦ የሚያጎርሰውም የለም። በዚያው ቀን ተረኞቹ ተነጋግረን በምግብ ሰዓት ለማጉረስ ብቻ አንድ ሰው መደብን። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው የቤተሰቦችን ስልክ በደብተር ይመዘግብ ጀመር፤ ማታ ማታ ከዚያ ደብተር እያየን በመደወል የታማሚዎቹን ሁኔታ እንነግራቸው ነበር። አሠራሩ በደብዳቤ የደረሰን እኛ ከጀመርነው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የታማሚው ቁጥር ሲቀንስ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ጥበቃውም አልተጠሩም፣ ደብተሩም የት እንደገባ አልታወቀም። ጦርነቱ ቁስለኛ ባመጣብን ጊዜ የቤተሰብ ምዝገባውን እንደገና ከባዶ ጀመርነው። ተቋም በችግር ጊዜ የሚለወጠው ተረኛው በሚያገኘው መላ ነው፤ ያ መላ ካልተጻፈ ግን የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ ያው ሆስፒታል እንደ ጀማሪ ይደናገጣል።

ለጎንደር ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድነት አሠልጥኖ፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያልና። እኔ የምጨምረው፣ ቡድኑ ባለሙያ በምንለው ሰው ላይ እንዳያበቃ ነው።

ስለዚህ ኃላፊዎቻችንን በትሕትና የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተረኛው ለታማሚ ደኅንነት ሲል አሠራር ቢለውጥ፣ የለወጠውን በጠዋቱ ርክክብ እስካስመዘገበ ድረስ እንዳይጠየቅበት በጽሑፍ ይታወቅለት። የወረርሽኝ ዝግጁነት ኮሚቴውም በሚቀጥለው ስብሰባው ለጽዳት ሠራተኞችና ለጥበቃዎች ተወካይ ወንበር ይያዝ፤ ሰዓቱም ከሥራ ፈረቃቸው ጋር የማይጋጭ ይሁን።

አመሰግናለሁ።